አጥንት ሸክሙን የሚሸከመው በምኑ ነው?

ሰው ቀስ ብሎ ሲራመድ እንኳ በእያንዳንዱ እርምጃ ዳሌው ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነቱ ክብደት ሁለት እጥፍ ይበልጣል። ይህ በስሌት ብቻ የተደረሰበት ነገር አይደለም። በርሊን ውስጥ ጌኦርግ በርግማንና ባልደረቦቹ መለኪያ የተገጠመለት ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ የተተከለላቸውን ታካሚዎች ተከታትለው፣ ሲራመዱም ደረጃ ሲወጡም ከወንበር ሲነሱም የሚያርፍባቸውን ኃይል በቀጥታ አንብበዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ውጤት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ግድም የሚራመድ ሰው ዳሌ በአማካይ የክብደቱን 238 በመቶ ይሸከማል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 140 ኪሎ ያህል ማለት ነው። ታካሚ ድንገት ሲደናቀፍ ደግሞ ጫናው ከክብደቱ ስምንት እጥፍ ያለፈበት ጊዜ ተመዝግቧል።

ይህን ሁሉ የሚቀበለው የጭን አጥንት ጫፍ ግን ድፍን አይደለም። ከላይ ስስ ቅርፊት አለው፤ መሀሉን የሞሉት ቀጫጭን ዘንጎችና መቅኒ ናቸው። ታዲያ ሸክሙን የሚሸከመው ምኑ ነው? ለዚህ ጥያቄ ብዙ ሰው የተዘጋጀ መልስ አለው፤ ካልሲየም ነው ይላል። ለልጅ የሚሰጠው ወተት፣ ለአዛውንት የሚታዘዘው ክኒን፣ ሐኪም ቤት የሚነሳው የአጥንት ጥግግት ምርመራ፣ ሁሉም በዚህ መልስ ላይ የቆሙ ናቸው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው፤ ግማሽ መሆኑ ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ ያሳስታል። አጥንትን እስከ ናኖሜትር ድረስ እየወረዱ የመረመሩ ሰዎች ያገኙት ነገር ሌላ ነው። ማዕድኑ ግትርነትን ይሰጣል፤ ስብራትን የሚከለክለው ግን ማዕድኑ ከለስላሳው ክፍል ጋር የሚገናኝበት ድንበር ነው፤ ድንበሩም ይህን የሚያደርገው ጥቂት ጥቂት በመንሸራተት ነው። ይህ እውቀት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ሐኪም ቤት በቅጡ አልገባም፤ መግባት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄው መጀመሪያ የተነሳው በቅርጽ በኩል ነበር። ጋሊሌዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ የግዙፍ እንስሳ አጥንት ከትንሹ እንስሳ አጥንት ጋር ተመሳሳይ መልክ ይዞ ማደግ እንደማይችል በሥዕል አሳይቷል። ክብደት በርዝመት፣ በወርድና በቁመት ያድጋል፤ ሸክሙን የሚቀበለው የአጥንቱ ስፋት ግን በሁለቱ አቅጣጫ ብቻ ያድጋል። ስለዚህ ትልቁ አጥንት ከርዝመቱ በላይ መወፈር አለበት። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ብዙም ሳይራመድ ቆየ።

በ1866 ዙሪክ ውስጥ የአካል ጥናት ሊቁ ሄርማን ፎን ማየር ለሁለት የተከፈለ የጭን አጥንት ለሙያ ባልደረቦቹ ሲያሳይ መሐንዲሱ ካርል ኩልማን ከታዳሚዎቹ አንዱ ነበር። ኩልማን በአጥንቱ ውስጥ ቀጫጭኖቹ ዘንጎች የተሰለፉበትን መስመር ሲያይ፣ ለተጠማዘዘ የክሬን ክንድ ካሰላቸው የጉተታና የግፊት መስመሮች ጋር መመሳሰሉ ወዲያው ገባው። ፎን ማየር ይህን በ1867 አሳተመ፤ የበርሊኑ ቀዶ ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ በ1892 በታተመ መጽሐፉ ወደ ሕግነት አሳደገው። አጥንት በላዩ የሚያርፈው ጫና ሲለወጥ የውስጥ አሠራሩን፣ ቀጥሎም የውጭ ቅርጹን እንደዚያው ይለውጣል አለ።

ቮልፍ ሕጉን የሒሳብ ያህል ጥብቅ ማድረጉ ከማስረጃው በላይ የሄደ ነበር። ክሬን አንድ ዓይነት ሸክም ይሸከማል፤ ዳሌ ግን ሰው ሲቆም፣ ሲቀመጥና ሲሮጥ ሸክሙ ይለያያል። አቅጣጫው ግን ትክክል ነበር። በ1977 የታተመ ጥናት የቴኒስ ባለሙያዎችን ሁለት ክንዶች በራጅ አነጻጽሮ፣ ራኬት በሚይዘው ክንድ በኩል የአጥንቱ ቅርፊት በወንዶቹ 35 በመቶ፣ በሴቶቹ 28 በመቶ ያህል ወፍሮ አግኝቶታል። የአንድ ሰው ሁለት ክንዶች የሚመገቡት አንድ ምግብ ነው፤ የሚዞርባቸውም ደም አንድ ነው፤ ልዩነቱ የመጣው ከሥራቸው ብቻ ነው። የእኛዋ ድንቅነሽ ወደ አሜሪካ ለትርኢት በሄደችበት ጊዜ በ2008 ቴክሳስ ኦስቲን ውስጥ በሲቲ ስካን ተነሥታ ነበር። በዚያ ምስል ላይ ተመሥርቶ በ2016 የታተመ ጥናት የክንዷ አጥንት ብርታት ከጭኗ ጋር ሲነጻጸር በቺምፓንዚና በዘመናዊ ሰው መካከል የሚውል ሆኖ አገኘው። አጥኚዎቹ ከዚህ ተነሥተው በእግሯ ብትሄድም በክንዶቿ ዛፍ አዘውትራ ትወጣ ነበር ብለው ደምድመዋል። ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ አፈር ውስጥ የኖረ አጥንት የሕይወት ዘመን ሸክሙን መዝግቦ ይዟል።

የኩልማን መልስ ግን የሚያሳየው ሸክም የሚሄድበትን መንገድ ነው። መሐንዲስ ክሬኑን በብረት ይሠራዋል፤ ብረቱ ራሱ እንዴት እንደሚሸከም አስቀድሞ ያውቃል። በአጥንት ውስጥ ግን አንዷ ዘንግ ከ100 እስከ 200 ማይክሮን ውፍረት ያላት፣ ራሷ ከሌላ ነገር የተሠራች ናት። ጥያቄው ከዚህ በታች መውረድ ነበረበት።

የመጀመሪያው እርምጃ ማንም ወጥ ቤት ውስጥ ሊያደርገው የሚችል ነው። የዶሮ አጥንት ለቀናት ኮምጣጤ ውስጥ ቢቀመጥ ማዕድኑ ይሟሟል፤ የቀረው ቅርጹን እንደያዘ ይለሰልስና በእጅ ይታጠፋል። ሌላ አጥንት እሳት ውስጥ ቢከተትና ፕሮቲኑ ተቃጥሎ ቢያልቅ እሱም ቅርጹን ይዞ ይቀራል፤ ግን በጣት ሲጫኑት ይፈረካከሳል። ከአጥንት ክብደት ከ60 እስከ 65 በመቶ የሚሆነው ማዕድን ነው፤ ከሩብ የማይበልጠው ከሞላ ጎደል ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ነው፤ አንድ አሥረኛ ያህሉ ውሃ ነው። ማዕድኑ የካልሲየምና የፎስፌት ውህድ ሲሆን ከሃይድሮክሲአፓታይት ወገን ነው። ጭቃ አቡክቶ ግድግዳ የመረገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ጭድ ያልገባበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ጭድ ብቻውን ደግሞ ግድግዳ አይሆንም። ልዩነቱ በአጥንት ውስጥ ማዕድኑ የሚገኘው በኮላጅኑ ቃጫ ዙሪያ ብቻ ሳይሆን በራሱ በቃጫው ውስጥም መሆኑ ነው።

አንድ የኮላጅን ሞለኪውል ሦስት ሰንሰለቶች ተገምደው የሚሠሩት፣ 300 ናኖሜትር ርዝመትና 1.5 ናኖሜትር ውፍረት ያለው ነገር ነው። ሞለኪውሎቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ጫፋቸው አይገጥምም፤ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ በ67 ናኖሜትር ይቀድማል። በዚህ አደራደር መካከል ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ማዕድኑም እዚያ ውስጥና በቃጫዎቹ መካከል ይበቅላል። ቅርጹ ስስ ጠፍጣፋ ነው፤ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ናኖሜትር፣ ርዝመቱና ወርዱ በአሥሮች የሚቆጠር ናኖሜትር ነው።

ለምን ይህን ያህል ትንሽ ሆነ? በ2003 ሁዋጂያን ጋኦ፣ ፔተር ፍራትስልና ባልደረቦቻቸው ለዚህ ጥያቄ ያቀረቡት መልስ ከዘርፉ ሐሳቦች ሁሉ ይበልጥ የሚማርከኝ ነው። እንደ ሸክላ ያለ ነገር የሚሰበረው የአተሞቹ ትስስር ስለሚደክም አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ትንሽ እንከን አለች፤ ጫናው እዚያች ጫፍ ላይ ይሰበሰብና ስንጥቁ ይሮጣል። ቁራጩ እያነሰ ሲሄድ ግን ስንጥቅ ለማስሮጥ በውስጡ ሊከማች የሚችለው ጉልበት አብሮ ያንሳል። በእነርሱ ስሌት መሠረት ከ30 ናኖሜትር ግድም በታች እንከኗ መኖሯና አለመኖሯ ለውጥ አያመጣም፤ ቁራጩ አተሞቹ የሚፈቅዱለትን ያህል ይሸከማል። ቁጥሩ በሞዴሉ ግምቶች ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። ሐሳቡ ግን ጸንቷል፤ በተፈጥሮው ተሰባሪ የሆነ ማዕድን እጅግ ሲቀጥን ተሰባሪነቱን ይተዋል።

ታዲያ እነዚህ ስስ ጠፍጣፋዎች እርስ በርስ የማይነካኩ ከሆነ፣ ሸክሙ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት ይሻገራል? በ2000 ኢንጎማር የገርና ፍራትስል ያቀረቡት ሞዴል ጠፍጣፋዎቹን እንደ ግንብ ጡብ እያፈራረቀ ይደረድራቸዋል፤ በመካከላቸው ስስ የኮላጅን ሽፋን አለ። አጥንቱ ሲጎተት ጠፍጣፋዎቹ በቀጥታ ይጎተታሉ፤ መካከል ያለው ኮላጅን ግን ጎን ለጎን የመንሸራተት ጫና ይደርስበታል፤ በዚያም መንገድ ሸክሙን ከአንዱ ጠፍጣፋ ተቀብሎ ለሚቀጥለው ያስረክባል። ለስላሳ ነገር ይህን መቻሉ የሚገርም ቢመስልም ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሁለቱ የሚተያዩበት ገጽ ከጠፍጣፋው ውፍረት አንጻር እጅግ ሰፊ ነው። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያለው ጫና ትንሽ ቢሆንም በሰፊው ገጽ ላይ ሲደመር ከባድ ይሆናል።

ይህ በሞዴል ብቻ አልቀረም። በ2006 ሂማድሪ ጉፕታ፣ ፍራትስልና የፖትስዳም ባልደረቦቻቸው ከሲንክሮትሮን የሚወጣ ኃይለኛ ኤክስሬይ ተጠቅመው እርጥብ አጥንት እየተጎተተ ሳለ በሦስት ደረጃ ለኩት፤ ሙሉውን ቁራጭ፣ የኮላጅኑን ቃጫ፣ የማዕድኑን ክሪስታል። ውጤቱ 12 ለ5 ለ2 ሆነ። አጥንቱ በጠቅላላ 12 እጅ ሲለጠጥ ቃጫው የሚለጠጠው 5 እጅ፣ ማዕድኑ ደግሞ 2 እጅ ብቻ ነው። የቀረው የት ገባ? ቃጫዎቹ መካከል ባለው ጥቂት ናኖሜትር የማይሞላ የማጣበቂያ ሽፋን ውስጥ መንሸራተት ሆኖ አለቀ፤ ቀጥሎም በቃጫው ውስጥ በኮላጅንና በማዕድን መካከል። በየደረጃው ከጫናው የተወሰነው ስለሚቀር ተሰባሪው ክፍል የሚደርሰው ድርሻ ትንሽ ነው። እንደዚያም ሆኖ ክሪስታሎቹ የሚቋቋሙት መለጠጥ በትልቅ መጠን ያለ ተመሳሳይ ማዕድን ከሚሰበርበት ልክ ሁለት ሦስት እጥፍ እንደሚሆን ጥናቱ አሳይቷል፤ የጋኦን ስሌት የሚደግፍ ነገር ነው።

ስለ ማጣበቂያው ራሱ የሳንታ ባርባራው ፖል ሃንስማ ቡድን ብዙ አስተምሯል። በ2005 ጂኦርግ ፋንትነርና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ሥራ፣ በቃጫዎቹ መካከል ያሉት ረጃጅም ሞለኪውሎች በደካማ ትስስሮች ተጣጥፈው እንደሚቀመጡ አሳዩ። ቃጫዎቹ ሊላቀቁ ሲሉ መጀመሪያ የሚበጠሱት እነዚህ ደካማ ትስስሮች ናቸው፤ አንዱ በተበጠሰ ቁጥር ተጣጥፎ የነበረ ርዝመት ይለቀቃል፤ ያንን ለመዘርጋትም ጉልበት ያስፈልጋል። ጫናው ሲነሳ ትስስሮቹ ከጊዜ በኋላ መልሰው ይያያዛሉ፤ ካልሲየም ካለ ደግሞ ይበልጥ ይጠነክራሉ። ስለዚህ ካልሲየም በአጥንት ውስጥ የሚሠራው ክሪስታል በመሆን ብቻ አይደለም። ጥቂቱ በማጣበቂያው ውስጥ ተበጥሶ የሚመለስ ትስስር ሆኖ ያገለግላል።

እዚህ ላይ ውሃም ቦታ አለው። የደረቀ አጥንት ከእርጥቡ ይልቅ ግትር ነው፤ ግን ሳይለጠጥ በድንገት ይሰበራል። በደረቀ የሙዚየም አጥንት ላይ ተሠርተው የመጡ የቆዩ ልኬቶች በጥንቃቄ መነበብ ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ከናኖሜትር ወደ ላይ ስንወጣ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ቃጫዎቹ ከ3 እስከ 7 ማይክሮን በሚወፍሩ ንብርብሮች ይሰለፋሉ፤ በእያንዳንዱ ንብርብር አቅጣጫቸው ይለያያል። ንብርብሮቹ በደም ሥር ዙሪያ ተጠምጥመው ኦስቲዮን የሚባል፣ 200 ማይክሮን ግድም ስፋት ያለው ረጅም ዘንግ ይሠራሉ፤ መሀሉ ላይ ያለው ቀዳዳ በ1691 በጻፈበት እንግሊዛዊ ሐኪም በክሎፕተን ሃቨርስ ስም ይጠራል። ሮም ውስጥ አንቶኒዮ አሸንዚና ኤርማኖ ቦኑቺ በ1960ዎቹ አንዲትን ኦስቲዮን ለይተው በማውጣት ጎትተው፣ ጨምቀው ፈትነዋታል፤ በዚያ ዘመን መሣሪያ ይህን ማድረግ ትልቅ ትዕግሥት የጠየቀ ሥራ ነው። ቃጫዎቹ በርዝመቷ የተሰለፉባት ኦስቲዮን ጉተታን፣ በወርዷ የተጠመጠሙባት ደግሞ መጨመቅን በተሻለ ትቋቋማለች። የጭን አጥንት ቅርፊት በርዝመቱ ሲጨመቅ 190 ሜጋፓስካል ያህል ይችላል፤ ሲጎተት 130 ያህል፤ ጎን ለጎን ሲንሸራተት 70 ያህል ብቻ።

ግን ብርታት አንድ ነገር ነው፤ ስንጥቅን ማስቆም ሌላ። ይህን ልዩነት በግልጽ ያወጣው የበርክሌው ሮበርት ሪቺ ቡድን ነው። በ2008 ባሳተሙት ጥናት ከሰው አጥንት ላይ ስንጥቅ አስጀምረው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥር ተከታተሉት። በአጥንቱ ወርድ ሊሄድ የሞከረ ስንጥቅ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሳይርቅ፣ እሱን ለማስሄድ የሚያስፈልገው ጉልበት በርዝመት ለሚሄደው ከሚያስፈልገው ከአምስት እጥፍ በላይ ሆነ። ምክንያቱ ኦስቲዮንን ከጎረቤቷ የሚለየው የሲሚንቶ መስመር ነው። ስንጥቁ እዚያ ሲደርስ ቀጥ ብሎ መሄድ ትቶ በመስመሩ ይታጠፋል፤ ይጠማዘዛል፤ አቅጣጫ ይስታል። ከኋላው ደግሞ ያልተበጠሱ ድልድዮች ሁለቱን ከንፈሮቹን ይይዙለታል። ደካማ የሚመስለው መገጣጠሚያ የስብራቱን ጉልበት የሚያባክነው እሱ ሆኖ ተገኘ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለሞተ አጥንትም ይሠራል። በሕይወት ያለው አጥንት ግን ይሰነጠቃል፤ ይጠገናልም። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ሃሮልድ ፍሮስት በ1960 ከጤነኛ ሰዎች አጥንት ውስጥ በቀለም የተለዩ ጥቃቅን ስንጥቆችን አሳየ፤ በተራ የዕለት ሥራ የተፈጠሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ስንጥቆቹ ባሉበት ዙሪያ የአጥንት ሕዋሳት እንደሚሞቱ፣ ይህም አጥንት በላዎቹን ኦስቲዮክላስቶች ወደ ስፍራው እንደሚጠራ፣ እነሱ ቆፍረው ሲጨርሱ ኦስቲዮብላስቶች አዲስ አጥንት እንደሚሞሉ አሳይቷል። ቁፋሮው ሳምንታት ይፈጃል፤ ሙሌቱ ወራት። ሸክሙ ከዚህ ፍጥነት በላይ በድንገት ሲጨምር ቀዳዳው ከሙሌቱ ይቀድማል። አዲስ ምልምል ወታደሮችና ርቀታቸውን በጥቂት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ያደረጉ ሯጮች ቅልጥማቸው ላይ የሚያገኛቸው የድካም ስብራት ይህ ነው። በሩጫ ስም ባወጣች አገር ይህ የሁለቱ ፍጥነቶች ልዩነት እያንዳንዱ የክለብ አሰልጣኝ በልቡ ሊይዘው የሚገባ ነገር ነው።

ሸክሙን የሚሰማው ማን ነው? በ1996 ዴቪድ በርና ባልደረቦቹ በፈቃደኞች ቅልጥም ላይ መለኪያ ለጥፈው ዳገትና ቁልቁለት በዚግዛግ ሲያስሮጧቸው፣ አጥንቱ የተለወጠው ከ0.2 በመቶ ባነሰ ነበር። 40 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን አጥንት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ማለት ነው። በሳህን ላይ የሚያድጉ የአጥንት ሕዋሳት ምላሽ የሚሰጡት ግን ከዚያ እጅግ ለበለጠ መለጠጥ ነው፤ ያን ያህል ቢለጠጥ አጥንቱ ይሰበራል። ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት የኒው ዮርኩ ሼልደን ዋይንባውምና ስቲፈን ካዊን በ1994 ያቀረቡት ሐሳብ ዛሬም ማዕከሉን ይዟል። ኦስቲዮሳይት የሚባሉት ሕዋሳት አጥንቱ ውስጥ ታጥረው ይኖራሉ፤ እጆቻቸውን ከአንድ ማይክሮን በታች በሚሰፉ ቦዮች ዘርግተው ይነካካሉ። አጥንቱ ትንሽ ሲጨመቅ በቦዮቹ ያለው ፈሳሽ ይፈስሳል፤ ፍሰቱም የሕዋሱን ክንድ ይጎትታል። ጥቃቅኑ መለጠጥ በዚህ መንገድ ይጎላል። ፓስካል ቡንዝሊና ናታሊ ሲምስ በ2015 ባደረጉት ስሌት በአንድ ሰው አጽም ውስጥ 42 ቢሊዮን ኦስቲዮሳይቶች አሉ፤ ክንዶቻቸው ቢቀጣጠሉ 175,000 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ።

ፈሳሹ የሚፈስሰው ጫናው ሲለዋወጥ ብቻ ስለሆነ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሸክም ለእነዚህ ሕዋሳት ብዙ አይነግራቸውም። ክሊንተን ሩቢንና ላንስ ላንየን በ1984 በአውራ ዶሮ ክንፍ አጥንት ላይ ያደረጉት ሙከራ ይህን አስቀድሞ አመልክቶ ነበር። በቀን 36 ጊዜ ብቻ መጫን አጥንት ለማሳደግ በቃ፤ 4 ጊዜ ደግሞ እንዳይሳሳ ለማቆየት። ሸክም በማይኖርበት ቦታ የሚሆነውን ከጠፈር ተጓዦች እናውቃለን፤ በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የሚሆን የዳሌ አጥንት ጥግግት ያጣሉ። ሸክም ሲያርፍ ኦስቲዮሳይቱ ስክለሮስቲን የተባለውን አዲስ አጥንት የሚያግድ ፕሮቲን ማውጣት ይቀንሳል። ይህን ፕሮቲን ማምረት የማይችሉ ጥቂት ቤተሰቦች በደቡብ አፍሪካና በኔዘርላንድስ ታውቀዋል፤ አጥንታቸው እጅግ ወፍራም ነው። ከዚያ የተነሳው ሮሞሶዙማብ የተባለ መድኃኒት በ2019 በአሜሪካ ተፈቅዷል።

አሁን ወደ መጀመሪያው መልስ፣ ወደ ካልሲየሙ፣ ልመለስ። ማዕድን ሲጨምር አጥንት ይበረታል የሚለው እምነት በሰው ላይ በግልጽ የተፈተነበት ጊዜ አለ። በማዮ ክሊኒክ ሎረንስ ሪግስና ባልደረቦቹ የአከርካሪ ስብራት ለነበረባቸው 202 ሴቶች ከካልሲየም ጋር ለግማሾቹ ፍሎራይድ፣ ለግማሾቹ አስመሳይ ክኒን ለአራት ዓመት ሰጡ። ውጤቱ በ1990 ታተመ። ፍሎራይድ በወሰዱት የወገብ አከርካሪ ጥግግት 35 በመቶ ጨመረ፤ በምርመራ መሣሪያ ላይ ድንቅ የሚባል ቁጥር ነው። የአከርካሪ ስብራታቸው ግን አልቀነሰም፤ ከአከርካሪ ውጭ ያለው ስብራት እንዲያውም 72 ደረሰ፤ በሌላኛው ወገን 24 ነበር። ፍሎራይድ በክሪስታሉ ውስጥ ገብቶ ቅርጹንና ከኮላጅኑ ጋር ያለውን ቁርኝት ይለውጣል። ማዕድኑ በዝቶ ድንበሩ ተበላሸ።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። በስምጥ ሸለቆአችን ብዙ ጉድጓዶች ያለው የፍሎራይድ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ይበልጣል። በወንጂ ስኳር እርሻ ለረጅም ዓመታት ያንን ውሃ የጠጡ ሠራተኞች ላይ የአጥንት ፍሎሮሲስ በሐኪሞች ተመዝግቧል። ጥርስ ላይ የሚታየውን ቡኒ ቀለም ሁሉም ያውቀዋል። አጥንቱ ውስጥ ያለው ግን አይታይም፤ በራጅ ሲታይ እንዲያውም ነጭና ጥቅጥቅ ያለ፣ ጤነኛ የሚመስል አጥንት ነው። ጥግግትን ብቻ የሚያነብ ዓይን እነዚህን ሰዎች ደኅና ናችሁ ብሎ ሊያሰናብታቸው ይችላል። ይህ የሚያስቆጨኝ ነገር ነው፤ ንጹሕ ውሃ ማቅረብ በአቅማችን የሚገኝ መከላከያ ስለሆነ።

ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። የእነዚህ ሕሙማን የአጥንት ጥግግት ብዙ ጊዜ መደበኛ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ስብራታቸው ግን ይበዛል። ስኳር ከኮላጅኑ ጋር እየተጣበቀ ሞለኪውሎቹን ያለ ቦታቸው ያስተሳስራቸዋል፤ መንሸራተት የነበረበት ቃጫ ይታሰራል። በእርጅናም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። አጥንት በላዎቹን የሚያግዱት ቢስፎስፎኔት የተባሉ መድኃኒቶች ብዙ ስብራት አድነዋል፤ ለብዙ ዓመት በወሰዷቸው ጥቂት ሰዎች ላይ ግን የጭን አጥንት ከባድ ውድቀት ሳይኖር መሀሉ ላይ የሚሰበርበት ያልተለመደ ሁኔታ ታይቷል። ጥገናው ሲታገድ ስንጥቁም ሳይጠገን እንደሚቆይ ብዙ ተመራማሪዎች ያስባሉ። ይህን ያነሳሁት ማንም መድኃኒቱን በራሱ እንዲያቆም አይደለም፤ ያልታከመ የአጥንት መሳሳት ከዚያ ይልቅ እጅግ አደገኛ ነው።

በኔዘርላንድስ ሮተርዳም በ2004 የታተመ ትልቅ ክትትል እንዳሳየው፣ ከአከርካሪ ውጭ ስብራት ከደረሰባቸው አረጋውያን መካከል ጥግግታቸው የአጥንት መሳሳት ከሚባለው ወሰን በታች የነበረው ከሴቶቹ 44 በመቶ፣ ከወንዶቹ 21 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት በመሣሪያው ንባብ የአጥንት መሳሳት አልነበረባቸውም። ዛሬ ያሉት የተሻሉ የሲቲ መሣሪያዎች እንኳ የሚያዩት ቀጫጭኖቹን ዘንጎች ነው፤ ሸክም የሚሻገርበትን የናኖሜትር ድንበር በሕያው ሰው ውስጥ የሚያይ የሐኪም ቤት መሣሪያ የለም። ለዚህ ነው በ2008 ሸፊልድ ውስጥ በጆን ካኒስ መሪነት የወጣው ፍራክስ የተባለ መጠይቅ ከጥግግቱ ቁጥር ጎን ዕድሜን፣ ከዚህ በፊት የደረሰን ስብራት፣ የወላጅን የዳሌ ስብራት፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድን የሚጠይቀው። እነዚህ ጥያቄዎች መሣሪያ አይፈልጉም፤ በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊጠየቁ ይችላሉ። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ በመጀመሪያው መጠይቅ ውስጥ ራሱን የቻለ ጥያቄ አልነበረውም፤ ስለዚህ ታካሚው የስኳር ሕመም ይኖርበት እንደሆነ፣ የሚጠጣው ውሃም ከየት እንደሚቀዳ ሐኪሙ በራሱ አክሎ ሊጠይቅ ይገባል።